ነጭ ድርጭት በደረቱ አይለይም

ድርጭት ይሸታል። ይህን ከሁሉ አስቀድሜ የምናገረው አርቢዎቹ ስለማይነግሯችሁ ነው። እንቁላሉ እንዲህ ነው፣ ሥጋው እንዲያ ነው፣ ትንሽ ቦታ ይበቃዋል እያሉ ያማልሏችኋል፤ ስለ ሽታው ግን ትንፍሽ አይሉም። ዓይን ያስነባል፤ አፍንጫ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል፤ ኮት ላይ ከተጣበቀ ካውያም አያስለቅቀውም። እኔ አርባ አንድ ዓመት ልብስ የሰፋሁ ሰው ነኝ። የሰው ላብ አውቃለሁ። ብብቱ የወየበ ሸሚዝ፣ ውሃ ነክቶት የማያውቅ ሱሪ በእጄ አልፏል። እንደዚህ ያለ ግን አልገጠመኝም።

ድርጭቶቹ የእህቴ ናቸው። ታላቄ ናት፤ እትዬ ነው የምላት። ባለቤቴ ከሞተች በኋላ «ብቻህን ግድግዳ እያየህ አትቀመጥ፤ ና» ብላ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ይኸው ሁለት ዓመታችን። ቤቷ ሳሎን፣ ሁለት መኝታ ክፍልና ከጀርባ አንዲት ጠባብ ክፍል አለው። የመጣሁ ዕለት ጠባቧን ክፍል ለስፌት መኪናዬ በሐሳቤ ለክቼ ጨርሼ ነበር። እትዬ በሩን ከፍታ «ተዋወቃቸው» አለችኝ። በሦስት ደርብ የተሠራ የሽቦ ቤት፣ በየሽቦው ቀዳዳ ቡናማ ጭንቅላት፣ ከሥር ሰጋቱራ፣ ሰጋቱራው ላይ ኩስ። የስፌት መኪናዬን አልጋዬ አጠገብ አስገባሁት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው።

ሰፈሩ «ሙሽራው» ይለኛል። ያለ ኮት ከቤት ስለማልወጣና ጫማዬን በቀን ሁለቴ ስለምወለውል ነው። ይበሉ። ንጹሕ መሆን ነውር ከሆነ ነውረኛ ነኝ። ሻይ ውስጥ ላባ ካገኘሁ ሻዩን ብቻ ሳይሆን ብርጭቆውንም እጸየፈዋለሁ። እትዬ ግን ላባውን በጣቷ ታወጣና ትጠጣዋለች። «ምን ሆነ? በፍል ውሃ ታጥቧል» ትለኛለች ደግሞ። አንዲት እናት እንደወለደችን ለማመን የሚቸግረኝ ጊዜ አለ።

እንዲያም ሆኖ ከዚያ ክፍል ሥራ አንዱን እችለው ነበር፤ ወንድና ሴት መለየቱን። ቡናማ ድርጭት ሦስት ሳምንት ሲያልፈው ደረቱ ይናገራል። የወንዱ እንደ ዝገት የቀላ፣ አንድ ወጥ ነው። የሴቷ ገርጣ ብሎ ጥቁር ነጠብጣብ ይበዛበታል። ለልብስ ሰፊ ይሄ ምን ይከብዳል? አንዱ ወጥ ጨርቅ፣ ሌላው ነጠብጣብ ጨርቅ። መሀረቤን አፍንጫዬ ላይ አስሬ፣ እጄን ኪሴ ከትቼ፣ ከበሩ ሳላልፍ «ያ ወንድ፣ ያቺ ሴት» እላለሁ፤ እትዬ እያነሳች ትለያለች። አንድም ቀን ተሳስቼ አላውቅም። «ዓይኑ እኮ ሜትር ነው» ብላ ለጎረቤት ስታወራ ሰምቼ ደረቴን ነፍቻለሁ፤ አልክድም።

መለየቱ ለምን እንደሚያስፈልግ ለማያውቅ ልናገር። ወንዶቹ ከበዙ ሴቶቹን ይጨርሷቸዋል። እየተፈራረቁ ይወጡባቸዋል፤ ሲወጡ ደግሞ የማጅራታቸውን ላባ በምንቃራቸው ነክሰው ነው የሚይዙት። ላባው ሲያልቅ ቆዳው ይቀጥላል፤ ቆዳው ሲያልቅ ያለውን ለእናንተ ትቼዋለሁ። ለአራት ለአምስት ሴት አንድ ወንድ ይበቃል። የተረፉት ወንዶች ወደ ባለ ልኳንዳው ይሄዳሉ። ባለ ልኳንዳው ግድግዳ የሚጋራን ጎረቤታችን ነው፤ አንገቱ የት አልቆ ትከሻው የት እንደሚጀምር የማይታወቅ፣ ሲስቅ ብርጭቆ የሚያንቀጠቅጥ ሰው። የእትዬን ወንዶች እያረደ ለደንበኞቹ ያቀርባል።

አሁን ወደ ነጮቹ። ከቡናማዎቹ መሀል አልፎ አልፎ ነጭ ጫጩት ይፈለፈላል። እትዬ እነዚያን ለብቻ እያኖረች፣ ነጩን ከነጭ እያገናኘች፣ እስከ ሦስተኛ ትውልድ ደከመች። ለምን ብዬ ጠይቄያታለሁ። «ሠላሳ ዓመት ታይፒስት ሆኜ የሰው ደብዳቤ ስመታ ኖርኩ» አለችኝ፤ «አንድ እንኳ የኔ የምለው ነገር ይኑረኝ።» ዘንድሮ ለመጀመሪያ ጊዜ አርባ ጫጩት ተፈልፍሎ አርባውም ነጭ ሆነ። ያን ዕለት አለቀሰች። ስለ ወፍ! ኩስ በነካ እጇ እንባዋን ስትጠርግ አይቼ ወደ ቧንቧው ሮጬ የታጠብኩት እኔ ነኝ።

ከነዚያ አርባ ውስጥ ሴቶቹን አንድም ሳታስቀር ለዘር ልታደርጋቸው ነበር። ሴቶቹን ከአምስት ምርጥ ወንዶች ጋር አድርጋ የራሷን ነጭ ዘር መጀመር፤ ዓመቱን ሙሉ ሌላ ሐሳብ አልነበራትም።

ሰባት ሳምንት ሊሞላቸው ጥቂት ቀን ሲቀር እርጥብ ኩስ ረግጣ ተንሸራተተችና ወደቀች። ቀኝ እጇ ከአንጓው ተሰበረ፤ ዳሌዋም ክፉኛ ተመታ። ሐኪሙ እጇን በጀሶ ጠቀለለና «እናቴ፣ አንድ ሳምንት ከወንበር እንዳይነሱ» አላት። ቀለባቸውንና ውሃቸውን መስጠት በኔ ላይ ወደቀ። እንዴት እንደሰጠሁ አትጠይቁኝ፤ ትንፋሼን ይዤ ገብቼ፣ ትንፋሼ ሳያልቅ ነበር የምወጣው።

ቅዳሜ ጠዋት ከወንበሯ ላይ ሆና ጠራችኝ።

«ወንዶቹ መቧቀስ ጀምረዋል፤ ድምፃቸው ይሰማኛል። ዛሬ መለየት አለባቸው። ባለ ልኳንዳውም ከሰዓት በኋላ ይመጣል።»

«ለዚህ ነው የምትጨነቂው? አሁን አይቼ እነግርሻለሁ።»

«በማየት አይሆንም። ነጭ ድርጭት በደረቱ አይለይም። ወንዱም ነጭ፣ ሴቷም ነጭ።»

«ታዲያ በምኑ ነው የሚለየው?»

ነገረችኝ። ባትነግረኝ ምን ነበረበት።

«ገልብጠህ ትይዘዋለህ። ጭራው ሥር፣ ከመውጫው ከፍ ብሎ፣ ወንዱ እብጥ ያለ ነገር አለው። በአውራ ጣትህ ቀስ ብለህ ስትጫነው ነጭ አረፋ ያወጣል። ሴቷ እብጠትም የላት፣ አረፋም የላት። በቃ፣ ይኸው ነው።»

«አረፋ» አልኩ።

«አረፋ። እንደ ጢም መላጫ ሳሙና።»

በየማለዳው የምላጨው በዚያ ሳሙና ነው። ነበር ማለት ይሻላል።

«ጓንት የለሽም?»

«ጓንት ካደረግህ በጣትህ አይሰማህም። ካልሆነ ወደዚህ አምጣቸው፤ አንተ ያዝልኝ፣ እኔ በግራ እጄ እጫናቸዋለሁ።»

«ሳሎን ውስጥ? እንጀራ በምንቆርስበት?»

«እሺ፣ እዚያው አድርገው። ግን አንድ በአንድ ተጫን። እኔ ገብቼ ማየት አልችልም፤ ያለ አንተ ዓይን የለኝም።»

«ምነው እትዬ፣ ልጅ ነኝ እንዴ?» አልኳት። ቃል አልገባሁም፤ እሷ ግን እንደ ቃል ወሰደችው።

ኮቴን አውልቄ ሰቀልኩ፤ እጅጌዬን ሰበሰብኩ፤ መሀረቤን አሰርኩ። ለሴቶቹ ምልክት እንዲሆን ከክር ሳጥኔ ቀይ ክር አወጣሁ፤ በግራ እግራቸው ላይ ላስርላቸው። ይህን ሐሳብ ያመጣሁት እኔ ነኝ። እትዬም «አየህ፣ ሙያ ያለው ሰው» ብላ አመሰገነችኝ።

የመጀመሪያውን ያዝኩ። ከትንንሾቹ አንዱ ነበር። ሙቀቱ ነው መጀመሪያ የቀፈፈኝ፤ ላባ ለብሶ እጄ ውስጥ የሚርገበገብ ትኩስ ነገር። ጥፍሩ መዳፌን ቧጠጠኝ። ስገለብጠው አንጓዬ ላይ ኩሱን ለቀቀው፤ አረንጓዴ፣ ለብ ያለ፣ ወደ እጅጌዬ የሚወርድ። ጥርሴን ነክሼ አውራ ጣቴን እብጠቱ ላይ አሳረፍኩና ተጫንኩ። አረፋው ወጣ። ጥፍሬ ሥር ገባ። ነጭ ነው፣ ያጣብቃል፣ በላዩ ላይ ትንንሽ ኳሶች ይፈነዳሉ። ድርጭቱን ወደ ባዶው የሽቦ ቤት ወርውሬ ወደ ቧንቧው ሮጥኩ። በሳሙና ታጠብኩ፣ በብሩሽ ፈገፈግኩ፣ እንደገና በሳሙና ታጠብኩ። ቁርሴ ተመልሶ መጣ።

«ምን ሆንክ?» ብላ እትዬ ከሳሎን ጮኸች።

«ወንድ ነው!» አልኳት አፌን እየጠረግኩ።

«ጎበዝ!»

ሠላሳ ዘጠኝ ቀርተዋል። በሩ ላይ ቆሜ አየኋቸው። እነሱም አንገታቸውን ሰበር አድርገው አዩኝ። ያን አረፋ ዳግመኛ መንካት፣ ያውም አንዴ ሳይሆን ሃያ ጊዜ፣ አልችልም። ሳስበው ብቻ ምራቄ መረረኝ። ያን ጊዜ ነው ዓይኔ ሜትር መሆኑ ትዝ ያለኝ። አርባ አንድ ዓመት ሰው ለክቻለሁ፤ የወንድ ትከሻ ከሴት ትከሻ ይሰፋል። አውራ ዶሮ ከሴቷ ይገዝፋል፤ በሬ ከላም ይገዝፋል። ድርጭት ከማን በልጦ ነው ከዚህ ደንብ የሚወጣው? ትልልቆቹ ወንዶች፣ ትንንሾቹ ሴቶች። ያ አረፋ ያወጣው ትንሽ መሆኑ ለአፍታ ቆረቆረኝ። ቀጫጫ ወንድ በሰውም ዘንድ አለ ብዬ አለፍኩት።

እጄን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልዬ ሥራ ጀመርኩ። ትንሹን አወጣለሁ፣ ቀይ ክር አስራለሁ፣ «ሴት!» እላለሁ። ትልቁን አወጣለሁ፣ የመጫኛውን ጊዜ ያህል ቆም እላለሁ፣ «ወንድ!» እላለሁ።

«አረፋ አለው?» ትላለች እትዬ።

«እንዴታ! ሞልቶ!» እላለሁ፤ ዓይኔን በጨው ታጥቤ።

ሃያ ሁለቱን ሴት፣ አሥራ ስምንቱን ወንድ አልኳቸው። ሁሉም አለቀና ታጥቤ፣ ኮቴን ለብሼ፣ ሳሎን ገባሁ። እትዬ ደስ ብሏት በግራ እጇ እጄን ያዘች። «እንደማትወደው አውቃለሁ። ለኔ ብለህ ነው» አለችኝ። አልሳቀቅኩም። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

ምሳ በልተን ሳንጨርስ ከኋለኛው ክፍል ጩኸት ተሰማ። ወንድ ድርጭት እንደ አውራ ዶሮ አይጮህም፤ ጉሮሮው ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስላል፤ የሚሰነጥቅ፣ አጭር፣ ጆሮ የሚፍቅ ድምፅ ነው።

«ከየትኛው ቤት ነው የጮኸው?» አለች እትዬ።

«ከወንዶቹ ነው» አልኩና ለማየት ተነሳሁ።

ከሴቶቹ ቤት ነበር። አንዱ አንገቱን አስረዝሞ፣ ደረቱን ነፍቶ፣ ቀይ ክሩን እግሩ ላይ አስሮ ይጮሃል። መቀሴን አመጣሁ፤ ክሩን በጥሼ ወደ ወንዶቹ ቤት ጣልኩት። አንድ ስህተት ማንንም ያጋጥማል። በሩን ሳልዘጋ ሌላው ጮኸ። እሱን ስፈልግ ሦስተኛው ከጥግ መለሰለት። አንዱ ባለ ክር ሌላው ባለ ክር ጀርባ ላይ ወጥቶ ማጅራቱን ነክሶ ይዟል፤ የተያዘውም ይራገጣል። ከትልልቆቹ ቤት ግን ጩኸት የለም። እነዚያ ወፍራም «ወንዶቼ» ጥሬ እየለቀሙ በጸጥታ ተቀምጠዋል።

አላወቅሁም አልልም። በድርጭት ዘንድ የምትገዝፈው ሴቷ መሆኗን ያን ጊዜ አውቄያለሁ። ባለ ልኳንዳው እስኪመጣ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ነበረኝ። ሳሎን ገብቼ «እትዬ፣ ዋሽቼሻለሁ፤ አልተጫንኳቸውም» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ያን ካልኩ ግን ተመልሼ ገብቼ ሠላሳ ዘጠኙን መጫን አለብኝ። አውራ ጣቴን አየሁት። ከዚያ በሩን ዘጋሁ፣ ሬዲዮኑን ከፍ አደረግኩና ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ።

ባለ ልኳንዳው ካርቶኑን ይዞ መጣ። እትዬ «አምስት ምርጥ፣ ተለቅ ተለቅ ያሉትን ወንዶች ለዘር አስቀርተህ ከሴቶቹ ጋር ቀላቅላቸው፤ ሌላውን ስጠው» አለችኝ። አምስቱን ግዙፎች ወደ ባለ ክሮቹ አስገባሁ። አሥራ አራቱን ወደ ካርቶኑ ከተትን። ባለ ልኳንዳው አንዱን በመዳፉ መዘነው።

«ጋሼ ሙሽራው፣ ምን እያበሉ ነው ያሳደጓቸው? እነዚህ ወንዶች እኮ ተቀልበዋል!»

እትዬ ከወንበሯ ላይ ቀና አለች። «ወፍራም ናቸው?»

«ደንዳኖች ናቸው፣ እማማ። እንደዚህ ያለ ወንድ ከርስዎ ቤት ወስጄ አላውቅም።»

ፊቷ ጨፈገገ። ወደኔ ዞረች። «ሁሉንም ተጭነሃል አይደል?»

«ሁሉንም።»

ዓይኔን አየችኝ። ረዘም ላለ ጊዜ ነው ያየችኝ። ከዚያ ፊቷ ተፈታና «እሱ ካለ ይሁን፤ ውሰዳቸው» አለችው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የኔው ግን ለማደሩ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የፈጀበት።

እሑድ ጠዋት ቁርስ ላይ ነበርን። ባለ ልኳንዳው በር አንኳኳ። ወትሮ ገና ከአጥሩ ሳቁ ይቀድመዋል፤ ያን ዕለት አልሳቀም። ጋዜጣ የተከደነበት ትሪ ይዟል።

«እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ሳያዩት ብቀር ደግ አይመስለኝም» አለና ትሪውን ጠረጴዛው ላይ፣ ዳቦው አጠገብ አስቀመጠ። ጋዜጣውን ገለጠው።

የድርጭት ሆድ ዕቃ ነበር። ሽታው ከገጠመኝ በኋላ ነው ያየሁት፤ የደምና የጥሬ እንቁላል ሽታ። በየአንጀቱ መሀል ቢጫ አስኳል እንደ ዘለላ ተያይዟል፤ ምስር የሚያክል፣ አተር የሚያክል፣ ብይ የሚያክል። አንዳንዱ ፈርጦ ወደ ትሪው ጠርዝ ፈስሷል። ቅርፊቱ ያልጠነከረ እንቁላል ጭምድድ ብሎ ተኝቷል። ከጎኑ ደግሞ ሦስት ያለቀላቸው እንቁላሎች፤ ዝንጉርጉር፣ ንጹሕ፣ ዛሬ ወይ ነገ ሊጣሉ የነበሩ። እትዬ ጣቷን ዘርግታ አንዱን አስኳል ነካችው።

«ስንቱ?» አለች።

«ከአሥራ አራቱ አሥራ ሁለቱ» አለ ባለ ልኳንዳው። «ወንድ እንቁላል ጣለ ብዬ ለማን ላውራው» ብሎ ሊቀልድ ሞከረ። ማንም አልሳቀለትም። አንገቱን ደፍቶ ወጣ።

እትዬ ተነሳች። ሐኪሙ ያላትን ላስታውሳት እጄን ስዘረጋ በጀሶው ገፋችኝ። ግድግዳውን እየተደገፈች፣ አንድ እግሯን እየጎተተች ወደ ኋለኛው ክፍል ሄደች። ተከተልኳት።

ነጭ ላይ ደም እንዴት እንደሚታይ ልብስ ሰፊ ያውቃል። ሦስት ቀጫጫ ሴቶች ነበሩ ከባለ ክሮቹ መሀል፤ ያን ጊዜ ነው ያወቅናቸው። አንዷ ሞታለች። ማጅራቷ ላይ ላባ የለም፣ ቆዳም የለም፤ ቀይ ሥጋ ነው፣ ከሥሩ ነጭ አጥንት ይታያል። ሞታም አልተዋትም፤ አንዱ ወንድ በላይዋ ቆሞ ነበር። ሌላዋ አንድ ዓይኗ ፈሷል። አምስቱ ግዙፎች፣ የዘር «ወንዶቼ»፣ ጥግ ላይ ተደራርበው ራሳቸውን ከሥር ይደብቃሉ፤ ራሳቸው ተመልጦ ደም ያዥባል። ሰጋቱራው ላይ የተሰባበረ እንቁላል ከኩስና ከላባ ጋር ተለውሷል፤ እሱንም እየለቀሙ ይበሉታል። አረፋው በየሽቦው ላይ ደርቋል። የበሩን መቃን ይዤ ቆምኩ። ይህን ሁሉ ስጸየፍ ኖሬ፣ ሁሉንም ያደረግሁት እኔ መሆኔን ሳውቅ የምጸየፈው ሌላ ነገር አጣሁ፤ ራሴን ተጸየፍኩ።

እትዬ አልጮኸችም። የተገለበጠ ባልዲ ላይ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ስንቱን ተጫንክ?»

«አንድ።»

«አንድ» አለች። «ሌላውን ለምን?»

«ቀፈፈኝ፣ እትዬ።»

ትሰድበኛለች፣ በጀሶዋ ትመታኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ቢሆንልኝ እወድ ነበር። እሷ ግን ድርጭቶቹን ትታ እኔን ማየት ጀመረች፤ እንደ አዲስ ሰው።

«ሚስትህ የተኛች ጊዜ» አለች፤ «እኔ ከሥራ ስወጣ ማታ ማታ እደውልልህ ነበር። አገላበጥካት ወይ እልሃለሁ። አገላብጫታለሁ፣ ጀርባዋን አጥቤያታለሁ፣ መድኃኒቱን ቀብቼላታለሁ ትለኝ ነበር።»

እጄ ወደ ኪሴ፣ ወደ መሀረቤ ሄደ።

«እንደዚህ ነበር የምትለኝ። በዚሁ ድምፅህ። ሁሉንም፣ ትለኝ ነበር።»

«እትዬ...»

«ታገላብጣት ነበር?»

ሰባት ወር ነው የተኛችው። ሐኪሙ በየሦስት ሰዓቱ ከጎን ወደ ጎን አዙራት፣ አለዚያ ጀርባዋ ይቆስላል ብሎኝ ነበር። ጀርባዋ ቆሰለ። ቁስሉ ሸተተ። እኔ በሩ ላይ መሀረቤን አፍንጫዬ ላይ ይዤ ቆሜ «ደህና ነሽ?» እላታለሁ። እሷ መሀረቡን ታያለች። «ደህና ነኝ፤ ሂድ ሥራህን ሥራ» ትለኛለች። እሄዳለሁ። ለዚህ ቃሏ አመስግኛት እንኳ አላውቅም፤ ቶሎ ስላለችልኝ ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ለራሴም ቢሆን እንዲህ አቃንቼ አልተናገርኩትም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ትቼው ነበር፤ ሆዴም አልፈጀውም።

«አንዳንድ ቀን» አልኳት።

«አንዳንድ ቀን» አለች።

ቀስ እያለች ደገመችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ጠብ ግን አላለም። ከቤቴ ውጣ ብትለኝ ኮቴን ለብሼ እወጣ ነበር፤ መብቷ ነው።

«እጅጌህን ሰብስብ» አለችኝ በመጨረሻ። «የሞተችውን አውጣና እነዚህን ለያቸው። የተረፉት ሴቶች ሳያልቁ።»

ፎጣውን አልወሰድኩም። የሞተችውን በባዶ እጄ አነሳኋት፤ ደርቃ፣ ቀልላ፣ ምንም ክብደት አልነበራትም። ከዚያ አንዱን ባለ ክር ያዝኩ። ገለበጥኩት። ኩሱን ለቀቀብኝ። ተጫንኩት። አረፋው በጣቴ ላይ ፈሰሰ።

«ወንድ ነው» አልኩ።

«አሳየኝ» አለችኝ።

መነጽሯን በግራ እጇ አስተካክላ፣ ጎንበስ ብላ ጣቴ ላይ ያለውን አየች። ራሷን ነቀነቀች። ወደ ሌላው ቤት አስገባሁት። ሁለተኛውን ያዝኩ፣ ገለበጥኩ፣ ተጫንኩ።

«ይሄም ወንድ ነው።»

«አሳየኝ።»

አሳየኋት። ሦስተኛውንም፣ አራተኛውንም። ክሮቻቸውን እየበጠስኩ አሥራ ስምንቱን ወንዶች አወጣሁ፤ ለአሥራ ስምንቱም ጎንበስ ብላ አየች። ከጥጉ ከግዙፎቹ አንዷን አነሳኋት። ራሷ እየደማ በመዳፌ ውስጥ ትንቀጠቀጣለች። ተጫንኳት። እብጠት የለም፣ አረፋ የለም። አላጠራጠረኝም፤ በሕይወቴ እንደዚያ እርግጠኛ የሆንኩበት ነገር ጥቂት ነው።

«ሴት ናት፣ እትዬ። በእውነት ሴት ናት።»

«አሳየኝ» አለች።